የወገብ ልክ

በዮዳሄ ካርድ ላይ «ወገብ» በሚለው መስመር ሃያ አራት ኢንች ብዬ አራት ጊዜ ጽፌያለሁ። እውነት የነበረው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ተናኘ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። አዲስ አበባ ትያትር ቤት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ለባህል ተወዛዋዦች ሰፍቻለሁ። እዚህ ኦክላንድ ደግሞ በአንድ የባሌ ዳንስ ትምህርት ቤት የልብስ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሠራሁ። ምላሴ እንደ መርፌዬ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የወፈረውን ወፈርክ፣ የከሳችውን ከሳሽ፣ ቀሚሱ ያላማረባትን አላማረብሽም እላለሁ። ሰው ይቀየመኛል፣ መልሶ ደግሞ እኔው ዘንድ ያሰፋል። ይቺ ምላስ ናት እንግዲህ በዚያች በአንዷ ነገር ላይ የታሰረችው።

ዮዳሄ የታናሽ እህቴ የሐኒ ልጅ ናት። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ሐኒን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ዲቪ ደርሷት ስትመጣ አልረሳችኝም፣ አስመጣችኝ። ባሏ ልጅቷ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ጥሏቸው ሄደ። ሐኒ ዩኒየን ሲቲ እየኖረች ሳን ሆዜ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ሁለት ሺፍት ያልደረበችበት ሳምንት አላስታውስም። ስለዚህ ልጅቷን ከትምህርት ቤት እያመጣሁ ልብስ ክፍላችን ውስጥ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አስቀምጣት ነበር። የቱል፣ የስሱ መረብ ጨርቅ፣ ቁርጥራጭ ራሷ ላይ አስራ ትጫወታለች። ስድስት ዓመቷ ላይ አንድ ቀን እጇን ይዤ የልምምድ አዳራሹን በር ከፈትኩላት፤ መምህሯም «ትግባና ትሞክር» አለች። በሩን የከፈትኩት እኔ መሆኔን መቼም አልረሳውም። ድሮ የምኮራበት ነገር ነበር።

ስለ ልብሱ ትንሽ ልናገር፤ ያለዚያ ጥፋቴ አይገባም። የዘንድሮው የተመራቂዎች ባሌ የሠርግ ታሪክ ነበር። ንጉሥ ልጁን ይድራል፣ ከየአገሩ እንግዳ ይመጣል፣ ሁሉም በአገሩ ልብስ ይጨፍራል። መስቀያችን ላይ ዓለም ተንጠልጥላ ነበር ማለት ይቻላል። የስፔኗ ቀሚስ ሽንሽን በሽንሽን ላይ ነው፤ ጫፉን በእጇ ይዛ ስታዞረው ግማሹን ጭፈራ ልብሱ ይጨፍርላታል። የሃንጋሪዎቹ ቦት ጫማ ወለሉን ሲመታ ከበሮ አያስፈልገውም። የህንዷ ቁርጭምጭሚት ላይ ቃጭል አለ፤ እግሯ ከተሳሳተ ቃጭሉ ያሳብቅባታል። የኛዋንም አስገባሁ። የክፍላችን ኃላፊ ዶሎረስ፣ ማኒላ የተወለደች ደግ ሴት ናት፣ ትከሻውን ላጥብበው ስትል እጇን መታ አደረግኩና «ተይው! እኛ ወገብ በመቀነት እናስራለን እንጂ ትከሻ አናስርም» አልኳት። የየትም አገር ልብስ እንዲህ ነው፤ አንዱን ያስራል፣ ሌላውን ይለቃል። የባሌው ግን ይለያል። ቱቱ የሚሉት ከዳሌ ላይ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ የሚቆም ቀሚስ ነው፤ ከላዩ ያለው ቦዲስ ደግሞ ከደረት እስከ ዳሌ ገላ ላይ ተጣብቆ ይሰፋል። ምንም አይደብቅም። መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ የልጅቷን ትንፋሽ ያያል። ልብሱ የተሠራው እንዲያሳይ ነው፤ እኔ ነኝ እንዲደብቅ አድርጌ የሰፋሁት።

ዮዳሄ ሙሽራዋን እንድትሆን ተመረጠች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ነጩን ቱቱ እኔ እንድሠራ ተሰጠኝ። ዕልል አልኩ፣ ስፌት ክፍሉ ውስጥ፣ ብቻዬን። ዶሎረስ እሳት የተነሳ መስሏት ሮጣ መጣች።

ትምህርት ቤቱ አንድ ደንብ አለው። ተማሪዎቹን በየሁለት ሳምንቱ እንለካለን፤ ወገቧ ከአንድ ኢንች በላይ የቀነሰች ልጅ ካርዷ ለቢሮ ይሄዳል፣ ሐኪም ሳያያት አትጨፍርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ በልምምድ ላይ ወድቃ ስለነበር ነው የወጣው። ሲወጣ ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩ እኔ ነበርኩ።

ዓቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ስለካት ሃያ አራት ነበረች። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሜትሩን አዞርኩ፤ ሃያ ሁለት ተኩል። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ለካሁ። ያው ነው።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ?» አልኳት።

«አይ አም ፋይን። እየጾምኩ ነው፣ አክስቴ።»

«ጾም ብቻ ነው?»

«ጾም ነው። እማዬን አስክ አድርጊያት።»

እማዬን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሐኒ በስልክ ካገኘችኝ ወሬዋ ሁሉ ይኸው ነበር። «እትዬ፣ ልጄ ዘንድሮ ሙሉውን ከኔ ጋር ልጹም አለች እኮ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም» ትለኛለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ደስታው ይሰማል። እዚህ የተወለደ ልጅ ዓርብ እንኳ ሥጋ እንዲተው ስንቱ ወላጅ ይለምናል።

እኔም አሰብኩ። ልዩነቱ አንድ ኢንች ተኩል ነው፤ ካርዱ ለቢሮ መሄድ አለበት። ቢሮው ላሉት ፈረንጆች ምን ልበል? ጾም ነው ብላቸው በሽታ ነው ብለው ልጅቷን ያስቀሯታል። ጾም ከሆነ ደግሞ በፋሲካ ይፈታል፤ ዶሮውና ቅቤው ሲገባ በሳምንት ትመለሳለች። ሃምሳ አምስት ቀን ለኛ ምንድን ነው? ስንቶቻችን ጾመን ከሳን፣ ፈስከን ወፈርን። ሃያ አራት ብዬ ጻፍኩና ቦዲሱን በግራና በቀኝ አጠበብኩት። ትርፉን ጨርቅ አንቆርጥም፤ ነገ ለሌላ ልጅ ይሰፋል ተብሎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ከላይ ለሚያየው ምንም የተነካ አይመስልም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ከበቧት። «ዮዳሄ፣ ከሳሽ እኮ!» ይሏታል፤ ሐኒ ቀድማ «ጾም ነው» ትላለች፤ እነሱም «እንዲህ ያለ ልጅ ለኛም ይስጠን» ይላሉ። ጋሼ ወልደ ሚካኤል፣ በንጉሡ ጊዜ ተማሪ ሆነው የመጡና ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ በከዘራቸው ተደግፈው «እኛ በሷ ዕድሜ ሳለን ጾምን በስብሰባ ነበር የሻርነው» ብለው አሳቁን። ሳቅኩ። የያዝኩትን ቁጥር የማውቅ እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ።

በአራተኛው ሳምንት ሃያ አንድ ተኩል ሆነች።

ያን ቀን አራት የምስር ሳንቡሳ ይዤላት ሄጄ ነበር። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን «በይ ሰዓትሽ ደርሷል፣ ብዪ» ብዬ ሰጠኋት። አመሰገነችኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ይዛ ወጣች። ማምሻውን ቁርጥራጩን ልጥል የጨርቅ ከረጢቱን ሳነሳ ከበደኝ። ሥሩ ላይ አራቱም ሳንቡሳ በቱል ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አንዱም አልተገመጠም።

ጾም አለመሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። ጾመኛ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይበላል።

ጠርቼ ከረጢቱን ከፍቼ አሳየኋት። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር አለች፣ ፈጠነብኝ። ከዚያ እጄን ያዘች፤ እጇ በረዶ ነበር። «አክስቴ ፕሊዝ። ካርዱን ከሰጠሽ ሙሽራዋን ለሌላ ልጅ ይሰጣሉ። ከሾው በኋላ እበላለሁ። አይ ፕሮሚስ። እማዬ ትሙት!»

እማዬ ትሙት። አማርኛ የማይቀናት ልጅ መሐላውን እንዴት አጥርታ ተናገረችው።

እውነቱን ልናገር፤ ለሷ ብቻ ብዬ አይደለም ያደረግኩት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ለሰው ልጅ ሰፍቼ መጋረጃ ጀርባ ቆሜአለሁ። አንድ ቀን የገዛ ሥጋዬ በሰፋሁት ልብስ መድረኩ መሐል ቆማ ላያት ፈለግኩ። ደግሞም ለሐኒ ብነግራት «እዚያ ቤት ያስገባሻት አንቺ ነሽ» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው። ይነቅዛል።

ሃያ አራት ብዬ ጻፍኩ። ቦዲሱን አጠበብኩ። ከኋላ ደግሞ የጎድን አጥንቷ መቆጠር ስለጀመረ ከገበሩ ሥር ስስ ጥጥ አነጠፍኩበት። በእጄ ስዳስሰው የጤነኛ ልጅ ጀርባ መሰለ። እጀ ወርቅ መሆኔን የረገምኩት በኋላ ነው፤ ያኔስ በሥራዬ ረክቼ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ሜትሩ ሃያ ተኩል አለ። ስለካት ጠረጴዛውን ይዛ ነበር የቆመችው። ክንዷ ላይ እንደ ጨቅላ ሕፃን ለስላሳ ፀጉር በቅሏል። ደነገጥኩ።

«በቃ። ለእናትሽ አሁኑኑ እደውላለሁ» አልኳት።

«አክስቴ፣ አስር ቀን ነው የቀረው። ቴን ዴይስ!»

ፊቷ ስልኬን አወጣሁ። ሐኒ አነሳችው፤ ከኋላዋ አንድ አዛውንት በእንግሊዝኛ ይጮሃሉ።

«እትዬ፣ ቢዚ ነኝ፣ ሺፍት ላይ ነኝ። ሰላም ነው?»

ዮዳሄን አየኋት። ሁለት እጇን አገጯ ሥር አጣምራ ታየኛለች። ጠረጴዛ ሥር ቱል አስራ የምትጫወተው ሕፃን ሆነችብኝ።

«ሰላም ነው» አልኩ። «ቲኬቱ ደረሰሽ ወይ ልልሽ ነው።»

«ደርሶኛል! ቀሚሴ ደረሰልኝ?»

«ዛሬ እጨርሰዋለሁ።»

ሰማያዊ ቀሚስ እየሰፋሁላት ነበር፤ ወገቧ ሠላሳ አራት። ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ካርዱ ላይ ሃያ አራት ብዬ ጻፍኩ።

ትርዒቱ የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሳን ሆዜ ነበር። ከመድረክ ጀርባ መንጠቆዎቹን ቆልፌ ስጨርስ የቦዲሱን ጀርባ በክር ሰፋሁባት። የባሌ ልማድ ነው፤ መድረክ ላይ መንጠቆ እንዳይፈታ ልጅቷን ልብሷ ውስጥ እንሰፋታለን፣ ስትጨርስ ክሩን እንተረትርላታለን። በሰው ገላ ላይ ሲሰፋ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ግንዘት መስሎኝ አማትቤ ነበር። ያን ቀን ግን ለምጄው ነበር፤ በድርብ ክር፣ ጠበቅ አድርጌ ሰፋሁት። ክሩን በጥርሴ ስበጥስ የአንገቷ ሥር ሲርገበገብ አየሁ።

«እሺ፣ ሙሽሪት» አልኳት።

«አይ ላቭ ዩ፣ አክስቴ» አለችኝና ወጣች።

ጨፈረች። እንዴት እንደጨፈረች ልናገር አልችልም፤ የስፔኗም የህንዷም የኛዋም ከዚያ በኋላ ከሰው ዓይን ጠፉ። መጋረጃው ጥግ ቆሜ አለቀስኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሐኒ ሰማያዊዋን ቀሚስ ለብሳ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ጭብጨባው ሲነሳ ዮዳሄ እጅ ነሳች፣ እየሳቀች ወደኔ ሮጠች፣ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ጉልበቷ ከዳት።

መተንፈስ ተስኗት ነበር። ዶሎረስ አምቡላንስ ጠራች። እኔ ክሩን ልተረትር ተንበረከክኩ፤ የራሴ ስፌት አልፈታ አለኝ። የአምቡላንሱ ሰዎች ሲደርሱ ገፈተሩኝና በትልቅ መቀስ ቦዲሱን ከላይ እስከ ታች ቀደዱት። ጥጡ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ከመካከላቸው ወጣቱ ጥጡን አንስቶ አየው፣ ምን እንደሆነ አልገባውም። ከዚያ ገላዋን አየ።

ሐኒ ደርሳ ነበር። ልጇን እንዲያ ራቁቷን ካየቻት ዓመታት አልፈዋል። አልጮኸችም። አረጋውያን ስታጥብ የኖረች ሴት ናት፤ ሊሞት የተቃረበ ገላ ታውቃለች። ጥጡን ከወለሉ አነሳችና በመዳፏ ያዘችው።

ዮዳሄ ሆስፒታል ከገባች በሁለት ሰዓቷ ሞተች። ልቧ ደክሞ ነበር አሉን፤ ቆየት ብሏል አሉን፤ ቀድማ ብትመጣ ኖሮ አሉን።

በማግስቱ ሆሳዕና ነው። በሆሳዕና ቀን ካህናቱ በሕማማት ሳምንት ለሚሞተው ሁሉ ቀድመው ፍትሐት ያደርሳሉ፤ በሳምንቱ ውስጥ ለማንም ለብቻው አይፈታምና። የዮዳሄም ከዚያው ከብዙኃኑ ጋር ተፈታ። ማክሰኞ ስንቀብራት እንደ ወጉ የሚዜም አልነበረም። ለቅሶ ቤቱም እንዲሁ ነበር። በሕማማት መሳሳም ስለሌለ የመጣው ሁሉ ከበር ላይ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ጥግ ይይዛል። ሐኒን አቅፎ ያለቀሰ ሰው የለም።

ረቡዕ ዕለት ጋሼ ወልደ ሚካኤል ለማጽናናት ተነሡ። «ልጃችን ጾሟን ሳትፈታ ነው የሄደችው» አሉ። «በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።» ሴቶቹ «አሜን፣ የታደለች» አሉ።

ሐኒ ያን ጊዜ ቀና አለች። ከቅዳሜ ጀምሮ ድምፅዋን የሰማ አልነበረም።

«እትዬ፣ አንቺ ትለኪያት አልነበር?»

«እለካት ነበር» አልኩ።

«ስንት ነበረች?»

ሃያ አራት ማለት እችል ነበር። ካርዱም የሚለው ያንን ነው፤ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ጥጡን በመዳፏ ይዛ ያየኋት ትዝ አለኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሦስቱን ቁጥር፣ ከረጢቱን፣ አራቱን ሳንቡሳ፣ ጥጡን፣ «ሰላም ነው» ያልኳትን ስልክ። ስጨርስ ጋሼ ወልደ ሚካኤል ከዘራቸውን ፈልገው ተቀመጡ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሐኒ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ካርዱን ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ራሴ ወስጄ ሰጠሁ፤ ሥራዬንም እዚያው ትቼ ወጣሁ። ዶሎረስ እስከ በሩ ሸኘችኝ፣ ግን አላቀፈችኝም።

ፋሲካ ሆነ። ሰው ሁሉ ፈሰከ። ሐኒ «እሷ ሳትፈታ እኔ ምን ብዬ እፈታለሁ» አለች አሉ። ሻይና ትንሽ ቆሎ ብቻ ነበር የምትቀምሰው። «ሐዘን ነው፣ ይለቃታል» አሉ ሰዎች፤ ያመጡትን ምግብ አስቀምጠው ይሄዳሉ። እኔ በየቀኑ ባቡር ይዤ ዩኒየን ሲቲ እሄዳለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ። አታናግረኝም። አታስወጣኝምም።

አርባዋ ወጥቶ እንግዳው ሲበተን ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ሐኒ ኩሽና ገባችና መሐል ወለል ላይ ቆመች። ጥቁሩ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ሁለት እጇን ወደ ጎን ዘረጋች፤ ዳንሰኞቹ ሊለኩ ሲሉ እንደሚያደርጉት።

«ለኪኝ» አለች።

«ሐኒዬ፣ እኔ ልደፋልሽ...»

«ሜትርሽ ቦርሳሽ ውስጥ ነው። አውጪና ለኪኝ።»

እጄን አደረቅኩ። ሜትሩን አውጥቼ በወገቧ አዞርኩ። ለአርባ ቀን ያልነካኋት እህቴ ናት፤ ጎኗ በጨርቁ ላይ ይቆረቁራል።

«ስንት ነው?»

«ሠላሳ።»

«ስንት ነበር?»

«ሠላሳ አራት።»

«እሺ» አለች፤ እጇን አላወረደችም። «አሁንስ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

የሐኪሟ ስልክ ቁጥር ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ደወልኩ። ደጋግሞ ጠራ፤ አንዲት ሴት አነሳች። እንግሊዝኛዬ ሲጨንቀኝ ይጠፋኛል፣ ያን ጊዜ ግን አልጠፋኝም። «ስለ እህቴ ነው» አልኩ። «ልጇ ከሞተች ጀምሮ አትበላም። ወገቧ ሠላሳ አራት ኢንች ነበረ፣ ዛሬ ሠላሳ ነው። ለካኋት። አሁን ይዣት ልምጣ።» ሴትየዋ አምጪያት አለችኝ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ስልኩን ሳስቀምጥ ሐኒ እጇን እንደዘረጋች ነበረች። እንባዋ በአገጯ ይወርዳል።

«ለልጄም ይቺው አንዲት ስልክ ትበቃት ነበር እኮ፣ እትዬ» አለችኝ።